ጠመንጃውን ማን ወረሰ? የቤተሰብ ትውስታ በመዓዛ መንግሥቴ ታሪካዊ ልቦለድና ለላስታ ጥናት ያለው ፋይዳ

መግቢያ

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም በማይጨው የተደረገው ውጊያ በኢትዮጵያ ሠራዊት ሽንፈት ተደመደመ። የሚያፈገፍገውም ጦር በአሸንጌ ሐይቅ ዳርቻ በቦምብና በመርዝ ጋዝ ተመታ። ከዚህ በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ አልተመለሱም። መንገዳቸውን ወደ ላስታ አዙረው፣ በሚያዝያ ወር መጀመሪያ ላሊበላ ገብተው በጾምና በጸሎት ቆዩ። ከዚያ ወደ ዋና ከተማቸው ተመልሰው ሚያዝያ 24 ቀን ወደ ስደት አመሩ። በዚህም የተነሣ ንጉሡ ሀገራቸውን ትተው ከመውጣታቸው በፊት በነበሩት ጥቂት ሳምንታት ታሪክ ውስጥ ላስታ የራሷ ስፍራ አላት።

ንጉሡ ባልነበሩባቸው ዓመታት በየተራራው የተዋጉት ሰዎች ታሪክ በከፊል ተጽፏል። የገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው» እና የሐዲስ ዓለማየሁ «ትዝታ» ለዚህ ይጠቀሳሉ። ይሁንና የተጻፈው አብዛኛው የወንድ አርበኞች ትዝታ ነው። ስንቅ የተሸከሙት፣ ቁስለኛ ያነሡትና አንዳንዴም ጠመንጃ ያነገቡት ሴቶች ታሪክ በአመዛኙ በየቤተሰቡ ጓዳ ቀርቷል። በአዲስ አበባ ተወልዳ ገና በአራት ዓመቷ ከሀገር የወጣችው ደራሲ መዓዛ መንግሥቴ እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተመችው «ዘ ሻዶው ኪንግ» (ጥላው ንጉሥ) የተሰኘ የእንግሊዝኛ ልቦለድ የሚነሣው ከዚህ ጓዳ ነው። ልቦለዱ በ2020 እ.ኤ.አ. ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል።

ይህ አጭር ጽሑፍ ደራሲዋ ከቤተሰቧ ያገኘችውን ታሪክ እንዴት ወደ ልቦለድ እንደ ለወጠችው ይመረምራል። መከራከሪያውም የሚከተለው ነው፦ የቤተሰብ ታሪክ ለታሪካዊ ልቦለድ ዋና ጥቅሙ ማስረጃ መስጠቱ ሳይሆን ጥያቄ መውለዱ ነው። መዓዛ ከቅድመ አያቷ የወረሰችውን የድል ታሪክ እንዳለ አልደገመችውም፤ ለሁለት ከፍላ፣ ቤተሰቡ ያላነሣውን የመደብ ጥያቄ አነሣችበት። ይህ አሠራር ብዙ የቤተሰብ ታሪክ ተከማችቶ ጥቂቱ ብቻ በተጻፈበት በላስታ ለሚደረግ ጥናት ትምህርት ይሰጣል።

የቤተሰቡ ታሪክ

ደራሲዋ በተለያዩ ቃለ ምልልሶችና በልቦለዱ መጨረሻ ባሰፈረችው ማስታወሻ እንደ ገለጸችው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ስለ ጣልያን ወረራ የሰማችው የወንዶችን ጀግንነት ነበር። ስለ ቅድመ አያቷ ያወቀችው ዘግይታ፣ ልቦለዱን በመጻፍ ላይ ሳለች፣ ከእናቷ ነው። እስከዚያ ድረስ ያልተነገራት ለምን እንደ ሆነ ስትጠይቅም ከእናቷ ያገኘችው ምላሽ ቀድሞ ጠይቃ እንደማታውቅ የሚያስገነዝብ ነበር።

ታሪኩ ይህ ነው። ወረራው ሲመጣ እያንዳንዱ ቤተሰብ የበኩር ልጁን ለጦርነት እንዲልክ ይታዘዛል። በቅድመ አያቲቱ ቤት ለጦርነት የደረሰ ወንድ ልጅ አልነበረም፤ በኩሯ እርሷ ነበረች። በልጅነቷ የተዳረች ስለ ነበረች፣ አባቷ ቤተሰቡን ወክሎ እንዲዘምት ጠመንጃውን ለባሏ ይሰጣል። እርሷ ግን ጠመንጃው ለእኔ ይገባል ብላ አባቷን ትከሳለች። ዳኞቹ ይፈርዱላታል፤ ጠመንጃዋን አንሥታ ፎክራ ትዘምታለች።

ለአማርኛ አንባቢ በዚህ ታሪክ ውስጥ ይበልጥ ትኩረት የሚስበው ውጊያው ሳይሆን ሙግቱ ነው። በሰሜኑ ደጋ የርስት ሥርዓት መሬት በአባትም በእናትም ወገን ይወረስ ነበር፤ ሴት ልጅም ከወንድሞቿ ጋር የርስት ባለ መብት ነበረች፤ በችሎት ቆማ መከራከርም ትችል ነበር። ጠመንጃ ግን በልማድ የወንድ ክብር መለያ ነው። ቅድመ አያቲቱ ያደረገችው የርስትን አመክንዮ ወደ ጠመንጃ ማሸጋገር ነው ማለት ይቻላል። በኩር ከሆንኩ የቤቱ ግዴታ የእኔ ነው፤ ግዴታው የእኔ ከሆነ መሣሪያውም የእኔ ነው፤ የክርክሩ ሰንሰለት ይህን ይመስላል። በዚህ ንባብ ሴትዮዋ ከሥርዓቱ ውጭ የወጣች ዓመፀኛ አይደለችም። ሥርዓቱ የሰጣትን ቋንቋ ሥርዓቱ ወዳላሰበው ቦታ የወሰደች ተሟጋች ናት።

ከአንዲት ቅድመ አያት ሁለት ገጸ ባሕርያት

እንዲህ ያለ ታሪክ የወረሰ ደራሲ ቅድመ አያቱን ዋና ገጸ ባሕርይ አድርጎ፣ ከሙግቱ ተነሥቶ ወደ ድል የሚጓዝ ሴራ ቢያዋቅር አያስደንቅም። መዓዛ ይህን አላደረገችም። የቅድመ አያቲቱን ታሪክ ለሁለት ሴቶች አከፋፍላዋለች።

የመጀመሪያዋ አስቴር ናት። የባላባት ወገን፣ የጦር አለቃው የኪዳኔ ሚስት፣ በልጅነቷ የተዳረችና ሕፃን ልጇን በሞት የተነጠቀች ሴት ናት። ጦርነቱ ሲመጣ የባሏን ካባ ደርባ ሴቶችን ታስተባብራለች፤ ሴቶች ስንቅ ከመሸከም አልፈው እንዲዋጉም ትጠይቃለች። ያለ ዕድሜ ጋብቻው፣ ከባል ጋር ያለው ፉክክርና የመዝመት ጥያቄው ለእርሷ ደርሷል። ሁለተኛዋ ሂሩት ናት። ወላጆቿን ያጣች፣ በኪዳኔና በአስቴር ቤት በገረድነት የምትኖር ወጣት ናት። ለእርሷ የደረሳት ጠመንጃው ነው። አባቷ ትቶላት የሄደው አሮጌ ውጅግራ ብቸኛ ቅርሷ ነው።

«ውጅግራ» የሚለው ቃል ራሱ የታሪክ ቅርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 የፈረንሳይ ጦር የታጠቀው «ፉዚል ግራ» የተባለ ጠመንጃ ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ስሙ በአማርኛ አፍ ተለውጦ ውጅግራ ሆነ። በ1928 ዓ.ም ከአውሮፕላንና ከመርዝ ጋዝ ጋር የተጋፈጠው ገበሬ በብዙ ስፍራ የታጠቀው እንዲህ ያለውን የአባቶቹን መሣሪያ ነበር። ስለዚህ በልቦለዱ ውስጥ ያለው ጠመንጃ የአባት ውርስም የትጥቅ አለመመጣጠን ምልክትም ነው።

በቤተሰቡ ታሪክ ሴት ልጅ ጠመንጃዋን በዳኛ ፊት ታስመልሳለች። በልቦለዱ ግን ኪዳኔ ለጦሩ መሣሪያ ሲሰበስብ የሂሩትን ውጅግራ ይወስድባታል፤ ገረዲቱም የምትሟገትበት ችሎት የላትም። የቤተሰቡ ድል በልቦለዱ ውስጥ ወደ ቅሚያ ተለወጠ። የደራሲዋ ዋነኛ የፈጠራ ውሳኔ በዚህ ለውጥ ላይ ይታያል። ቅድመ አያቲቱ ልትከስ የቻለችው አባትና ቤት ስለ ነበራት ነው፤ ዳኛ ፊት ለመቆም የሚያበቃ የዘር ሐረግም ነበራት። እነዚህ የሌሏት ሴት ብትሆንስ? ቤተሰቡ የሚኮራበት ታሪክ ይህን ጥያቄ አይጠይቅም፤ ልቦለዱ ይጠይቃል።

በዚህም ምክንያት አስቴርና ሂሩት በቀላሉ እኅትማማቾች አይሆኑም። ለሴቶች የመዋጋት መብት የምትሟገተው አስቴር ያቺኑ ገረዷን በጅራፍ የምትገርፍ እመቤት ናት። ከሁለቱም በታች ደግሞ በስሟ የማትጠራው የቤቱ ወጥ ሠሪ አለች። አንባቢ «ሴት አርበኞች» የሚለውን የጋራ መጠሪያ ይዞ ወደ ልቦለዱ ቢገባ፣ በመጠሪያው ውስጥ እመቤትና ገረድ፣ ባለ ስምና ስም የለሽ እንዳሉ ተረድቶ ይወጣል።

የፍቅርና የምስጢር ልማድ

ታሪካዊ የፍቅር ልቦለድ በአብዛኛው ጦርነትን ለሁለት ሰዎች ፍቅር መፈተኛ አድርጎ ይጠቀማል። «ጥላው ንጉሥ» የዚህን ዘውግ ዕቃዎች ሁሉ ይዟል፤ መልከ መልካም የጦር መሪ፣ የተጎዳች ሚስትና በሁለቱ መካከል የገባች ወጣት አሉት። ነገር ግን አንባቢው የጠበቀው ፍቅር አይመጣም። የአስቴር ጋብቻ የሚጀምረው በማስገደድ ነው። ኪዳኔ በጦር ሜዳ ጀግና ሆኖ ሳለ ሂሩትን በኀይል የሚደፍር ሰው ነው። ለሀገር የሚዋደቅ ሰው በቤቱ ግፈኛ ሊሆን እንደሚችል ልቦለዱ ሳይሸፋፍን ያሳያል። የሂሩት ጦርነት ስለዚህ ከወራሪው ጋር ብቻ አይደለም።

ምስጢርም እንዲሁ ነው። ሴራው በተደበቁ ነገሮች ይራመዳል። የአስቴር ሐብል ጠፍቶ ጥርጣሬው በገረዲቱ ላይ ያርፋል። ጣልያናዊው ወታደር ፎቶ አንሺ ኤቶሬ ናቫራ በአባቱ የተደበቀ የአይሁዳዊነት ታሪክ አለው፤ የፋሺስቱ መንግሥት በ1938 እ.ኤ.አ. የዘር ሕጎችን ሲያወጣ ይህ የቤተሰብ ምስጢር ለሕይወቱ አስጊ ይሆናል። መጽሐፉ የሚከፈተውም በምስጢር ነው፤ ሂሩት በ1974 እ.ኤ.አ.፣ በአብዮቱ ዓመት፣ ፎቶግራፎችና ደብዳቤዎች የያዘ የብረት ሣጥን ታቅፋ በአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ተቀምጣለች። በሣጥኑ ውስጥ ያሉት ምስሎች ጥቂቶቹ የእርሷው ናቸው፤ ተማርካ ሳለች በጦር አዛዡ በካርሎ ፉቼሊ ትእዛዝ፣ ለማዋረድ የተነሡ።

በመርማሪ ልቦለድ ምስጢር ሲፈታ እውነቱ ይገለጣል፤ ታሪኩም ይዘጋል። እዚህ ግን ሣጥኑ ቢከፈትም ፎቶግራፉ ያነሣው ሰው ያየውን እንጂ የተነሣችው ሴት ያሰበችውን አይናገርም። ደራሲዋ ለዚህ ያገኘችው መፍትሔ ምስሉን በመጽሐፉ ውስጥ ማተም ሳይሆን በቃላት መግለጽ ነው። «ፎቶ» የሚል ርእስ የተሰጣቸው አጫጭር ምዕራፎች ምስሉ የያዘውንም ያስቀረውንም ይተርካሉ። በሌላ ስፍራ በኅብረት የሚናገር የሴቶች ድምፅ ይገባል። ተንታኞች ይህን ከጥንታዊ የግሪክ ድራማ ኅብረ ዝማሬ ጋር ሊያያይዙት ይችላሉ፤ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን በለቅሶ ቤት የሟቹን ታሪክ እየዘረዘሩ ሙሾ የሚያወርዱትን አልቃሾች ያስታውሳል። ደራሲዋ ከልቦለዱ ጎን የጦርነቱን ዘመን ፎቶግራፎች እየሰበሰበች «ፕሮጀክት 3541» በተባለ የምስል ክምችት ማደራጀቷ፣ ጥያቄው ለእርሷ ከልብ ወለድ አልፎ የታሪክ ጥያቄም እንደ ሆነ ያመለክታል።

የጎደለው ንጉሥ

የልቦለዱ ርእስ የተወሰደው ንጉሡ ከተሰደዱ በኋላ ከሚፈጠር ሁኔታ ነው። የሕዝቡ ልብ እንዳይሸሽ፣ መልኩ ከንጉሡ ጋር የሚመሳሰል አንድ ተራ ሙዚቀኛ የንጉሥ ልብስ ለብሶ ከሩቅ እንዲታይ ይደረጋል። ሂሩትም ጠባቂው ትሆናለች። የሰውዬው ስም «ምንም» ነው። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያነብ ሰው የስሙን ትርጉም ከማብራሪያ ይረዳዋል፤ አማርኛ ተናጋሪ ግን ስሙ በተጠራ ቁጥር ይሰማዋል። ምንም ያልሆነ ሰው ንጉሥ ሲሆን፣ ንጉሡ በበኩላቸው በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ያለ መንግሥት ተቀምጠዋል።

ደራሲዋ ንጉሡንም ከቤተሰብ ታሪክ ውጭ አልተወቻቸውም። ልዕልት ዘነበ ወርቅ ለደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ተድራ በለጋ ዕድሜዋ ከጦርነቱ በፊት ሞታለች። ባሏ ደግሞ ጦርነቱ በተጀመረ በቀናት ውስጥ ወደ ጣልያን ገብቷል። በልቦለዱ ንጉሡን የሚያሳድዳቸው የልጃቸው ትዝታ ነው። ለፖለቲካ ሲሉ ልጃቸውን የዳሩ አባት ሆነው ሲቀርቡ፣ ከአስቴርና ከሂሩት አባቶች ጋር በአንድ መስመር ይሰለፋሉ። ይህ በእውነተኛ ሰው ውስጣዊ ሕይወት ላይ የተገነባ ፈጠራ ስለ ሆነ እንደ ታሪክ ማስረጃ ሊጠቀስ አይችልም። የሚያነሣው ጥያቄ ግን ሕጋዊ የታሪክ ጥያቄ ነው፦ የመሳፍንት ጋብቻ በሀገር ዕጣ ላይ ሲወስን፣ የተዳረችው ልጅ የት አለች?

ልቦለድና የሕይወት ታሪክ

የቤተሰብ ትውስታን ለመጻፍ ልቦለድ ብቸኛው መንገድ አይደለም። አይዳ ዕደማርያም እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመችው «ዘ ዋይፍስ ቴል» የጎንደሯን ሴት አያቷን ሕይወት ልብ ወለድ ባልሆነ ሥራ ጽፋለች። መጽሐፉ በ2019 እ.ኤ.አ. የኦንዳቼ ሽልማትን አግኝቷል። በዚያም በልጅነት የተዳረች ሴትና ሙግት አሉ፤ ባሏ አለቃ ጸጋ ታስረው ከሞቱ በኋላ አያቲቱ አዲስ አበባ ድረስ ተጉዛ ለንጉሡ አቤት ብላለች።

በሁለቱ ሥራዎች መካከል ያለው ልዩነት የምንጭ ልዩነት ነው። አይዳ አያቷን በሕይወት ሳለች ጠይቃ፣ ድምፅዋን ሰምታ ጽፋለች። ለመዓዛ የደረሳት በሌላ ሰው አፍ ያለፈ አንድ ቁራጭ ታሪክ ነው። ባለ ታሪኳ ራሷ በምትናገርበት ጊዜ የሕይወት ታሪክ ይቻላል። ጥቂት ዐረፍተ ነገሮች ብቻ ሲተርፉ ልቦለድ ክፍተቱን በማስረጃ ሳይሆን በጥያቄ ይሞላዋል። አጥኚው የያዘው የትኛውን ዓይነት ምንጭ እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ አለበት።

ወደ ላስታ ሲመለስ

«ጥላው ንጉሥ» ስለ ላስታ የተጻፈ አይደለም። ያነሣው ጥያቄ ግን በላስታ መሬት ላይ ብዙ መልስ ይፈልጋል። የላሊበላ ሥነ ጽሑፋዊ ቅርስ ራሱ በቤተሰብ ታሪክ ይጀምራል። ገድለ ላሊበላ ከንጉሡ ልደት ጋር የንቦችን ምልክት፣ ከሥልጣን ጋር የወንድምን ሥጋትና የእኅትን መርዝ፣ ከጋብቻ ጋር መስቀል ክብራን ያነሣል። በትውፊት የቤተ አባ ሊባኖስ መታነጽ ለመስቀል ክብራ ይሰጣል። በገድሉ ሁሉም ወደ ቅድስና ያመራል፤ ነገር ግን የቤተሰብ ቅራኔ የታላቅ ታሪክ መነሻ መሆኑ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም።

በቅርቡ ዘመን ታሪክም ተመሳሳይ ክሮች አሉ። የላስታው ዋግሹም ጎበዜ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ባለቤታቸው ድንቅነሽ ምርጫ የካሣ ምርጫ እኅት ነበሩ። በ1863 ዓ.ም በአድዋ አጠገብ በተደረገው ጦርነት ወንድም ባልን ድል አድርጎ ማረከ፤ በኋላም ዐፄ ዮሐንስ ተብሎ ነገሠ። በባልና በወንድም መካከል የቆመችውን ሴት ታሪክ የሚያስታውሰው በዘር ሐረግ ሠንጠረዥ ነው።

ክሩ እስከ ጣልያን ዘመን ይዘልቃል። የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ወንድም የደጃዝማች ኃይለ ወልደ ኪሮስ ልጅ ራስ ካሣ ናቸው። የራስ ካሣ ልጅ አበራ ካሣ የዐፄ ዮሐንስን የልጅ ልጅ ልጅ፣ የራስ ሥዩም መንገሻን ልጅ ከበደች ሥዩምን አገባ። በ1863 የተዋጉት ሁለት ቤቶች በዚህ ጋብቻ ተገናኙ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም ጣልያኖች አበራን በፍቼ ከገደሉት በኋላ ከበደች ጦር አሰልፋ ተዋግታለች። በዋግና በላስታ ደግሞ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ተነሥተው በ1930 ዓ.ም መጀመሪያ ሲገደሉ ራሳቸው ተቆርጦ ማስፈራሪያ ሆነ፤ ልጃቸው ወሰን ኃይሉ ትግሉን ቀጠለ።

እነዚህ ስሞች የተረፉት የመሳፍንት ስሞች ስለ ሆኑ ነው። የመዓዛ ልቦለድ የሚያስተምረው ግን ከከበደች ሥዩም ጀርባ የሂሩትን ቦታ መፈለግን ነው። ለጦሩ ስንቅ የፈጨችው ማን ናት? የሟቹ ጠመንጃ ለማን ተላለፈ? ሴት ልጅ ጠይቃ ከሆነ በየትኛው ዳኛ ፊት ጠየቀች? በላስታ መንደሮች የቃል ታሪክ የሚሰበስብ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሦስት ነገሮችን ቢያስተውል ይጠቅመዋል። አንደኛ፣ «ስለ ጦርነቱ ንገሩኝ» የሚል ጥያቄ የወንዶችን ውጊያ ይጠራል፤ ስለ አንድ ዕቃ፣ ለምሳሌ ስለ ጠመንጃ፣ ስለ ካባ ወይም ስለ ፎቶግራፍ መጠየቅ ግን የሴቶችንም ታሪክ ያወጣል። ሁለተኛ፣ ታሪኩን የነገረው ሰው ከማን እንደ ሰማው መመዝገብ አለበት፤ በአንድ አፍ ያለፈና በሦስት አፍ ያለፈ ታሪክ እኩል አይመዘንም። ሦስተኛ፣ ቤተሰቡ የሚኮራበትን ታሪክ ሲሰማ በዚያ ቤት ታሪክ የሌለው ማን እንደ ነበር መጠየቅ ይገባል።

ማጠቃለያ

መዓዛ መንግሥቴ ከቤተሰቧ የተቀበለችው የአንድ ጠመንጃና የአንድ ፍርድ ታሪክ ነው። ከዚያ ተነሥታ ፍርድ ያላገኘችውን ሴት ጻፈች። ታሪካዊ ልቦለድ ለታሪክ ጥናት የሚያበረክተው ማስረጃ ባይሆንም፣ ማስረጃ የሚፈለግበትን አቅጣጫ ያሳያል። በ1928 ዓ.ም ሕፃን የነበረ ሰው ዛሬ በሕይወት ካለ ዘጠና ዓመት አልፎታል፤ ታሪኩን ከእናቱና ከአያቱ የሰማው ትውልድም እየሸመገለ ነው። ደራሲዋ ለእናቷ ያቀረበችው ጥያቄ ዘግይቶ ቢሆንም መልስ አግኝቷል። በላስታ ያሉት ጥያቄዎች ደግሞ መልስ የሚሰጡት ሰዎች ሳሉ መጠየቅ አለባቸው።